እምቢ ያለ ስንት ነው?

የሐጂ ሙርሰልን ማረፍ የሰማሁት ክፍል ውስጥ ቆሜ ሳስተምር ነው። ስልኬ ጠረጴዛው ላይ ይንቀጠቀጣል፤ ዝም አልኩት። ደጋግሞ ሲጠራ ግን ተማሪዎቼን ይቅርታ ጠይቄ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። የደወለችው ሐዋ ናት። ሐዋ ከአሶሳ ወጣ ብሎ በሚገኝ ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት፤ እኔ ተማሪ ሳለሁ ቤት ለቤት አብራኝ እየዞረች ያስተረጎመችልኝ እሷ ነበረች። «ሐጂ አረፉ። ከዓስር ሶላት በኋላ ይቀበራሉ» አለችኝ።

ወደ ክፍል ተመልሼ ልጆቹን አሰናበትኩ። ያን ቀን የማስተምረው የምርምር ሥነ ምግባር ነበር። ሰው ፈጠራ ይመስለዋል ብዬ ልተወው አስቤ ነበር፤ ግን የሆነው እሱ ነው፣ ምን ላድርግ።

በማግሥቱ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ለቅሶ ደረስን። ዳሱ ውስጥ የከተማው ጤና ባለሙያ ግማሹ ተቀምጧል፤ ነርሱ፣ የላቦራቶሪው፣ ሐኪሙ፣ ፋርማሲስቱ። የሐጂ ልጆች ግራ ገብቷቸዋል። አባታቸውን የሚያውቋቸው በጨርቅ ነጋዴነታቸው ነው፤ ይህ ሁሉ ነጭ ጋዋን ለባሽ ምን ሊያደርግ መጣ ብለው ይተያያሉ። የኛ ሰዎች ደግሞ እንባቸውን እየጠረጉ ይፎካከራሉ። አንዱ «እኔን ሁለቴ መለሱኝ» ይላል፤ ሌላው «አንተ ምን አለብህ፣ እኔን ሦስቴ» ይለዋል። ሐጂ ሙርሰል ያልመለሱት ተማሪ የተማረ የማይመስለው ሰው በአሶሳ ብዙ ነው።

ለማያውቃቸው ልንገር። ሰውን የሚመለከት ጥናት ከመጀመሩ በፊት ዕቅዱን የሚመረምር ኮሚቴ አለ። ጥናቱ የተማሪም ይሁን የመምህር፣ ሰው ቤት ገብቶ ከመጠየቅ ወይም ደም ከመቅዳት በፊት ለዚህ ኮሚቴ ይቀርባል። ከአባላቱ አንዱ የሙያው ሰው ያልሆነ፣ ከነዋሪው መካከል የተመረጠ መሆን አለበት። ብዙ ቦታ ያ ወንበር ለወጉ ያህል ነው፤ የተከበረ ሽማግሌ ይጠራል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ይፈርማል፣ ይሄዳል። ሐጂ ሙርሰልም የተጠሩት እንደዚያ ሆነው እንዲቀመጡ ነበር፤ የጠራቸው ሰው ሳያውቃቸው ነው የጠራቸው።

ረጅም፣ ቀጭን ሰው ነበሩ። ነጭ ጀለቢያቸው ሁሌ ከካውያ ሥር የወጣ ይመስላል፤ በጫማቸውም ይኮሩ ነበር፣ ጭቃ ያለበት ቦታ ላይ ባጃጁን እስከ በሩ ድረስ ያስገቡታል። የበርታ ተወላጅ ናቸው፤ አማርኛን የተማሩት ገበያ ውስጥ ነው። እንደ ብዙው የገበያ አማርኛ ተናጋሪ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ይላሉ፤ የኮሚቴው ሰብሳቢ የሆኑትን ዶክተር ሴትዮ ሳይቀር «አንተ ዶክተር» ነበር የሚሏቸው። የአማርኛ ጽሑፍ እንደ ልብ አያነቡም። ስለዚህ ተማሪው ለተሳታፊዎች የሚያነበውን የስምምነት ቅጽ ጮክ ብሎ እንዲያነብላቸው ያደርጋሉ፤ ሲጨርስ «አሁን እኔ ልንገርህ» ይሉና በገባቸው መጠን መልሰው ይነግሩታል። ሐጂ መልሰው መንገር ካቃታቸው ቅጹ ወደቀ ማለት ነው። «እኔ ሐጂ ነኝ ብለህ አትፍራ፤ እኔን አላዋቂ አድርገኝ» ይላሉ።

የመጀመሪያ ቀናቸውን የተቀመጡ ሰዎች እስከ ዛሬ ያወሩታል። አንድ ተማሪ የልጆችን የሆድ ትል ሊያጠና ዕቅዱን አቀረበ። ዓይነ ምድር ይሰበስባል፣ በማይክሮስኮፕ ያያል፣ ውጤቱን ይጽፋል። ፕሮፌሰሩም ዶክተሩም ስለ ናሙናው አወሳሰድና ስለ ስሌቱ ጠይቀው ሲጨርሱ ሐጂ እጃቸውን አነሱ።

«ልጁ ላይ ትል ተገኘ እንበል። መድኃኒት ቦርሳህ ውስጥ አለ?»

ተማሪው ደነገጠ። «ውጤቱን በጽሑፍ ለሚመለከተው ክፍል አቀርባለሁ» አለ።

«እና ልጁ ጽሑፉን ይዋጠው?»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ እሳቸው ግን አልሳቁም። ተማሪው ወጥቶ መድኃኒት የሚያገኝበትን መንገድ ከጤና ጣቢያ ጋር ተነጋግሮ ተመለሰና ተፈቀደለት። በሌላ ቀን ደግሞ ደም ሊቀዳ የመጣ አጥኚ ነበር፤ «ሥራህን ጨረስክ። የተረፈው ደም የት ሄደ?» ብለው ጠየቁት። ፍሪጅ ውስጥ ለወደፊት ጥናት ይቆያል አላቸው። «ሰውዬው ያውቃል?» አሉት። አያውቅም ነበር። እንዲህ ያለ ጥያቄ ለመጠየቅ መማር አያስፈልግም እያሉ ብዙ ምሁር ያሳፍሩ ነበር፤ ማሳፈር ባይፈልጉም።

ሁልጊዜ ልክ ነበሩ አልልም። ግትር ነበሩ። አንዱ ልጅ የአጎበር አጠቃቀም ሊያጠና መኝታ ቤት ገብቼ ልይ ቢል፣ የሰው መኝታ አይታይም ብለው ድርቅ አሉ። ነገሩ ሲጓተት ዝናቡ ገባ፣ ወባውም መጣ፣ የጥናቱም ጊዜ አለፈ። በኋላ ነገሩ ሲገባቸው፣ በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ከወንበራቸው ተነሥተው «እኔ አጠፋሁ፣ አንተ ልክ ነህ» አሉት። ልጁ የሚገባበት ጠፋው። ስብሰባው መካከል ሶላት ከደረሰም ማንም ይሁን ማን ይጠብቃቸዋል።

አሁን ወደ እኔ ልምጣ፤ የማልረሳቸው በዚያ ነውና።

እኔ ከአሶሳ ርቃ ያለችው የቡለን ልጅ ነኝ። ቤታችን «እሺ ይበልጣል ከሺ» እየተባልን ነው ያደግነው፤ እምቢ ያለች ልጅ ቁንጥጫ ትቀምሳለች። አሶሳ የመጣሁት አዋላጅነት ልማር ነው። ለመመረቂያ ጽሑፌ የመረጥኩት ርዕስ እናቶች ለምን ቤት እንደሚወልዱና ጽንስ ለምን እንደሚጨነግፍባቸው ነበር። ዕቅዴ ኮሚቴው ፊት ቀርቦ ጸደቀ፤ መረጃውን ሰብስቤ ስጨርስ ተመልሼ ሪፖርት እንዳደርግ ግን ታዘዝኩ። ከሐዋ ጋር ሆነን በፀሐይ ተቃጥለን፣ በእግር ኳትነን ሰማንያ እናቶችን አነጋገርን። መጠይቁን በሙሉ ሞልቼ፣ የእያንዳንዷን የጣት አሻራ የስምምነት ቅጹ ላይ አስደርጌ፣ ኮምፒውተር ላይ አስገብቼ ተመለስኩ። ሪፖርቴን ሳቀርብ ጭብጨባ ባልጠብቅም «ጎበዝ» መባል ጠብቄ ነበር። ሰማንያ ጠይቄ ሰማንያ መለሱልኝ፤ ክፍላችን ውስጥ እንዲህ ያለ ውጤት ያመጣ አልነበረም።

ሐጂ ሙርሰል ከሰነዱ ላይ ቀና አሉ። «እምቢ ያለ ስንት ነው?»

«አንድም የለም፣ ሐጂ» አልኩ፤ ደረቴን ነፍቻለሁ።

«አንድም?»

«አንድም።»

መነጽራቸውን አወለቁ። እንዲህ ካደረጉ ነገር አለ ማለት ነው። «አንተ ልጅ፣ እኔ ሱቅ ውስጥ ጨርቅ አወጣለሁ፣ እዘረጋለሁ። አስር ሰው ያያል፣ ስምንት ሰው አልፈልግም ይላል፣ ይሄዳል። አንተ የሴት ሆድ ነገር ጠይቀህ ሰማንያ ሰው ሁሉ እሺ አለህ? ንገረኝ፣ ቤት እንዴት ገባህ?»

ነገርኳቸው። ሐዋ ከበር ትጣራለች፣ ግቡ እንባላለን፣ ምንጣፍ ይነጠፍልናል፣ እንቀመጣለን።

«ውሃ ሰጡህ?»

«ሰጡኝ።»

«ጠጣህ?»

«ፀሐዩን እያወቁት፣ ሐጂ! ጠጣሁ እንጂ።»

«ከዚያ ጠየቅክ?»

«አዎ፣ ከዚያ ቅጹን አነበብኩላቸው።»

«ኸላስ» አሉና ሰፊ መዳፋቸውን ሪፖርቴ ላይ አሳረፉ። ኸላስ በሳቸው አፍ «አለቀ» ማለት ነው፤ መዳፋቸው ያረፈበት ወረቀት ደግሞ ከዚያ ክፍል አያልፍም።

ከዚያ አስረዱን። በዚያ መንደር ወግ ቤት ገብቶ፣ ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ፣ ውሃ የጠጣ እንግዳ የጠየቀውን አይከለከልም። የከለከለች ሴት የቤቷን ስም አጎደፈች ይባላል፤ አማትዋም ጎረቤቷም ያወሩባታል። ስለዚህ እኔ ፈቃዳቸውን የጠየቅኩት እምቢ ማለት ከማይቻልበት ሰዓት በኋላ ነበር። ይሉኝታ የሚባለውን ነገር እኛም ቤት አውቀዋለሁ፤ በሰው ቤት ግን አላየሁትም።

አማካሪዬ መምህር ደረጀ ሊከላከልልኝ ሞከረ። «ሐጂ፣ ቅጹ በቋንቋቸው ተነብቦላቸዋል። አሻራቸውም አለ።»

«አሻራ አለ፤ ግን እንግዳ ለማክበር ያደረጉት ነው። ለጥናት አይደለም» አሉ ሐጂ።

ኮሚቴው ተነጋግሮ ወሰነ። ሰማንያውም ቤት ተመልሼ እሄዳለሁ። ግቢ አልገባም፣ አልቀመጥም፣ ውሃ አልጠጣም። ከበር ቆሜ «የነገርሽኝ ያንቺ ነው። ይመለስልኝ ካልሽ እስከ ዓርብ ለሐዋ ንገሪያት፤ ለምን ብዬ አልጠይቅሽም» እላለሁ። ይህ እስኪሆን የማረጋገጫ ደብዳቤ አይሰጠኝም። ያለ ደብዳቤው ጽሑፌን መከላከል አልችልም፤ ካልተከላከልኩ ደግሞ ምርቃት የለም። የቀረኝ ሦስት ሳምንት ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ አለቀስኩ። በንዴት ነው ያለቀስኩት። «ጨርቅ የሚለካ ሰው የኔን ዓመት ይለካ?» እያልኩ አማካሪዬ ላይ ጮህኩ። ወደ ቡለን የሚወስደው መንገድ በግጭት ከታወከ ወዲህ ቤተሰቤን ካየሁ ሁለት ዓመት አልፎኝ ነበር። ምርቃቴ የምንገናኝበት ቀን ነው፤ እናቴ ቡለን ሆና ማን ማን እንደሚመጣ በስልክ ትዘረዝርልኛለች። አንድ ዓመት ይራዘማል ብዬ እንዴት ነው የምነግራት? መምህር ደረጀ እስክጨርስ ጠበቀና «ነገ በጠዋት ተነሺ» አለኝ።

በጠዋት ተነሣሁ። ባጃጁ አስፋልቱ እስከሚያልቅበት ያደርሰናል፣ ከዚያ በእግር ነው። ሐዋ ሳቋ አላባራ አለ። «ሳትጠጪ ስትሄጂ ሰዉ ተጣላችን ይላል፤ ስድቡ ለኔ ነው» ትለኛለች። እውነትም መንደሩ ታወከ። አንዲት አሮጊት ጣሳውን ይዘው እስከ መንገዱ ተከተሉኝና «ማን ከፋህ? ውሃ ገማ?» አሉኝ። ሐዋ በበርታ ቋንቋ ለረጅም ጊዜ አስረዳቻቸው። አሮጊቷ አዳምጠው ሲጨርሱ በእጃቸው ወግዱ የሚል ምልክት አሳይተውን ገቡ። ሰማንያ በር ላይ ቆሜ ያንኑ አረፍተ ነገር ደገምኩ። አብዛኞቹ «ይቆይ፣ ያንተ ነው» አሉኝ። አንዳንዶቹ ግን ፊቴን ትክ ብለው አዩኝ፤ መጀመሪያ በሄድኩ ጊዜ ፊታቸውን ሳይሆን መጠይቄን እያየሁ እንደነበር ያኔ ነው የገባኝ።

ዓርብ ሐዋ መጣች። ይመለስልን ያሉት አስራ አንድ ነበሩ። ስማቸውን አንድ በአንድ ስትጠራልኝ አስሩን ከዝርዝሬ ላይ ሰረዝኩ፤ አስራ አንደኛዋን ግን ደግመሽ ጥሪልኝ አልኳት።

የዚህችን ሴት ስም አልጽፍም፤ መንደሯንም አልጠራም። የነገረችኝ ነገር የጥናቴ ልብ ነበር። አማካሪዬ አንብቦት «ይህችን በደንብ ከጻፍሻት ሌላው ባይኖርም ይበቃሻል» ብሎኝ ነበር።

ወረቀቶቹን ቤት ለቤት መለስን። ያቺ ሴት ማንበብ ስለማትችል ወረቀቱ የራሷ መሆኑን እንድታረጋግጥላት ሐዋን ጠየቀቻት፤ ሐዋ አሻራዋን አሳየቻት። ሴትዮዋ ወረቀቱን ድስት ሥር ካለው እሳት ውስጥ ከተተችው። አመድ እስኪሆን ጎንበስ ብላ ጠበቀች፤ ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና ወደ ቤቷ ገባች።

ሰኞ ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ። «አስራ አንድ እምቢ አሉ» ስል የሐጂ ሙርሰል ፊት በራ። «ማሻአላህ! አሁን ጥናት ሆነ» አሉ፤ የምሥራች የነገርኳቸው ነው የሚመስለው። ቀጥለው «የነሱ ነገር ኸላስ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ኸላስ፣ ሐጂ።»

ደብዳቤው ማኅተም ተመታበት፤ ተቀበልኩ፤ ወጣሁ።

ዋሽቻቸው ነበር። የአስሩን መረጃ ከኮምፒውተሬ ላይ አጥፍቻለሁ። የአስራ አንደኛዋን ግን ሳጠፋ እጄ እምቢ አለኝ። ስም የለውም፣ ቁጥር ብቻ ነው አልኩ። ወረቀቱን ተቀብላ አቃጥላለች፣ ኮምፒውተር ውስጥ እንዳለ በምን ታውቃለች አልኩ። ሌሎች እናቶችን ይጠቅማል እስከ ማለት ደርሻለሁ። ሰው ራሱን ሊሸነግል ሲፈልግ ቃል አያጥረውም። አራት ቀን ስለሷ ጻፍኩ፤ እንደዚያ አምሮልኝ ጽፌ አላውቅም።

በአራተኛው ቀን ዶርም ውስጥ ስጽፍ፣ ከዚያ አካባቢ የመጣችው የክፍል ጓደኛዬ ነጅሚያ ከኋላዬ መጥታ ጎንበስ አለች። ሦስት መስመር አነበበች። «እንዴ፣ ይህችን እኮ አውቃታለሁ» አለችኝ። የማን ሚስት እንደሆነችም ጠራችልኝ። ስም አልጻፍኩም፣ መንደር አልጻፍኩም፤ ግን የደረሰባት ነገር ራሱ ስሟ ነበር። ኮምፒውተሩን ዘጋሁት። ነጅሚያን ለማንም እንዳትናገር አስማልኳት፤ እሷም ደንግጣ ማለች። ከዚያ ሁሉንም አጠፋሁ፤ ከኮምፒውተሩም፣ ከፍላሹም፣ የጻፍኩትን ምዕራፍም ጭምር።

ማጥፋቱ ግን እንቅልፍ አልሰጠኝም። በማግሥቱ ደብዳቤውን ይዤ ሐጂ ሱቅ ሄድኩ። ደንበኛ እያስተናገዱ ነበር፤ ጨርቅ እየለኩ በዓይናቸው በርጩማ አሳዩኝ። ደንበኛው እስኪሄድ ተቀመጥኩ። ከዚያ ቆሜ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው፣ ደብዳቤውንም ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩ። «ይውሰዱት ሐጂ፤ አይገባኝም» አልኩ። የቡለን እንግዶች ሁሉ ዓይኔ ላይ መጡ።

ጨርቁን አጣጠፉት። ደብዳቤውን አልነኩትም።

«አሁንስ?» አሉኝ።

«አሁን ጠፍቷል። ነጅሚያ ግን አንብባለች።»

«ለኔ ለምን ትነግረኛለህ? ነገሩ የኔ ነው?» ቁጣቸውን ያኔ ነው ያየሁት፤ ድምፃቸው ግን ከፍ አላለም። «ሂድ ለነገሩ ባለቤት ንገር።»

«ደብዳቤውስ?»

«እሱ ሴት ያዝ ካለህ ያዝ። ደብዳቤውን መልስ ካለህ አምጣ፣ እኔ እቀበላለሁ።»

የሄድኩት ብቻዬን ነው። ሐዋን ብወስድ አንድ ጆሮ ይጨመራል ብዬ ነው፤ ሴትዮዋ ደግሞ የገበያ አማርኛ ትችላለች። ግቢዋ ውስጥ ለውዝ እየፈለፈለች ደረስኩባት። «ግባ» አለችኝ፤ እዚሁ ይሻለኛል ብዬ አጥሩ ጋ ቆምኩ።

«ወረቀቱ ተቃጠለ አይደል?» አለችኝ፤ ፊቴን አይታ ገብቷታል።

«ወረቀቱ ተቃጥሏል። ኮምፒውተር ላይ ግን ትቼው ነበር። አራት ቀን። አንዲት ልጅ ሦስት መስመር አነበበች፤ ማን እንደሆንሽም አወቀች።»

እጇ ለውዙ ላይ ቆመ። «ያ ልጅ ለሰው ይናገራል?»

«አልናገርም ብላ ምላለች። እኔ ግን አትናገርም ብዬ ልምልልሽ አልችልም።»

«አንተ ጥሩ ሰው መሰለኝ» አለች። ከዚህ የባሰ ስድብ ተሰድቤ አላውቅም።

ተነሥታ ስትመጣ ደብዳቤውን በአጥሩ ላይ አሻግሬ ሰጠኋት። ይህ ወረቀት ከሌለ እንደማልመረቅ፣ ሐጂ ሙርሰልም እሷ ትወስን እንዳሉ ነገርኳት። ድስቷን የጣደችበት እሳት ከእሷ ሁለት እርምጃ አይርቅም ነበር። ደብዳቤውን አገላብጣ አየችው፣ ማኅተሙንም በጣቷ ዳሰሰችው። የዚያን ያህል ረጅም ደቂቃ አሳልፌ አላውቅም።

«ይሄ ቢቃጠል የኔ ነገር ይመለሳል?»

«አይመለስም።»

«እንግዲያ ምን ይሠራልኛል?» ብላ ደብዳቤውን መለሰችልኝ። ከዚያ ወደ አጥሩ ይበልጥ ተጠጋችና በጣቷ ወደ ግንባሬ አመለከተች። «እዚህስ? አለ?»

«አለ።»

«እሱ አይጠፋም?»

«አይጠፋም።»

«እሱን ያዝ። ለሰው አትስጥ። እናትህ ቢጠይቅ አትስጥ።»

እሺ አልኳት። ለውዟ ጋ ተመልሳ ተቀመጠች፤ እኔም መንገዴን ጀመርኩ።

ጽሑፌን የተከላከልኩት በስልሳ ዘጠኝ እናቶች ነው። ከውጭ የመጣው ፈታኝ እምቢታው በዛ፣ ይህ የጥናቱ ድክመት ነው አለኝ። ድክመቱ የት እንደነበረ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት፤ የራሴንም ሳልደብቅ። ውጤቴ ከጠበቅኩት ዝቅ ብሎ መጣ፣ ግን ተመረቅኩ። እናቴና አባቴ ዞሮ በሚመጣው ረጅም መንገድ ሦስት ቀን ተጉዘው ደረሱ፤ አቅፌያቸው የቱን ያህል እንዳለቀስኩ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ሐጂ ሙርሰል በተተኮሰ ጀለቢያቸው መጥተው አባቴን ጨበጡ። ሴትዮዋ ምን አለች ብለው ይጠይቁኛል ብዬ ጠበቅኩ። ሐጂ ይቅር አሉሽ ወይ የሚለኝ ሰው አለ፤ ይቅር ማለት የሳቸው ድርሻ እንዳልሆነ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ያን ቀንም ሆነ ከዚያ በኋላ በቆዩባቸው ዓመታት አንድ ቀን አልጠየቁኝም።

እኔ ግን ያቺ ሴት የነገረችኝን ደጋግሜ ተጠይቄአለሁ። እናቴ በምርቃቴ ቀን ማታ ይህን ሁሉ ስተርክላት ጠይቃኛለች፤ ሴትዮዋ እናቴን አስቀድማ እንዳወቀቻት ነው የቆጠርኩት። ለቅሶው ላይ መምህር ደረጀ ስለ ሐጂ እንድጽፍ ሲነግረኝ «ያቺ ሴት ያለችሽን አሁን ጨምሪበት። ዓመታት አልፈዋል፣ ማንም አያውቃትም፤ ያለሱ ጽሑፉ ጎዶሎ ነው» ብሎኛል። እሱ አንድ ጊዜ ያነበበውን ረስቶታል፤ እኔ አልረሳሁም። ጎዶሎ መሆኑን አውቃለሁ። ጎዶሎውን ይዤ ነው የጻፍኩት፤ ከሐጂ ሙርሰልም የተማርኩት ይህንኑ ነው፤ ስለዚህ ደስ እያለኝ ጻፍኩት።

አንተም አንባቢዬ፣ እስከዚህ ድረስ ካነበብክ «ለመሆኑ ሴትዮዋ ምን ብላት ነው?» ሳትል አትቀርም። መጠየቅህ ነውር የለበትም፣ እኔም አልቀየምህም። መልሴ ግን እምቢ ነው።